በጆሮ በኩል የሚያዩ ዓይኖች

አዛውንቱ ፎቶ አንሺ የሞቱት ዕድሜ ልካቸውን ሲወጡትና ሲወርዱት በኖሩት ደረጃ ግርጌ ነው። መኖሪያቸው ከላይ፣ ፎቶ ቤታቸው ከታች ነበር፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ያ ጠባብ የእንጨት ደረጃ ነው። ጠዋት ሥራ ሊጀምር የመጣው ረዳታቸው በሩን ከፍቶ ሲገባ በጎናቸው ተጋድመው፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ዙሪያቸውን በተሰባበረ መስተዋት ተከበው አገኛቸው። ጮኸ፤ ሰፈሩ ግር ብሎ መጣ።

ቀድሞ የደረሰው ወጣት ፖሊስ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ቋጨው። «ዓይናቸው አያይም ነበር አሉ። እግራቸውን ስተው ወድቀው ነው።» ጎረቤቱ ጫማ ሠሪ ግን ትናንት ቀን ላይ ሽማግሌው በረዳታቸው ላይ «ውሸታሞች! ሁላችሁም ውሸታሞች!» እያሉ ሲጮኹ መስማቱን ተናገረ። የሟች ወንድ ልጅም እያለከለከ ደርሶ ነበርና ጣቱን ወደ ረዳቱ ቀሰረ። ረዳቱ እንባውን እንኳ ሳይጠርግ ጣቢያ ገባ።

መርማሪው የመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ሲራመድ የማይቸኩል ሰው ነው። ባልደረቦቹ «አቶ ለምን» ይሉታል፤ ያልጠየቀው ጥያቄ ካለ እንቅልፍ አይወስደውም። ሚስቱ «ሻይ ላፍላ?» ስትለው «ለምን?» ይላል ተብሎ ይወራል፤ ይህኛው እንኳ ሐሜት ነው።

አስከሬኑ አጠገብ ብዙ አልቆየም። ደረጃውን ግን ወጣው፣ ወረደው፣ ደግሞ ወጣው። በየእርከኑ ጠርዝ ላይ ሰፊ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ከሩቅ ቦግ ብሎ ይታያል። ሲወርዱ በግራ በኩል የእጅ መደገፊያ አለ፤ እንጨቱ ከመዳፍ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። በቀኝ በኩል ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በፎቶግራፍ ተሞልቷል፦ ሙሽሮች፣ ጥርሳቸው የወለቀ ሕፃናት፣ ለመታወቂያ የተነሡ ኮስታሮች። ከመሐል ጀምሮ ግን የተወሰኑት ፍሬሞች ከነሚስማራቸው ተነቅለው ወርደዋል፤ ኖራው ላይም የጥፍር ጭረት አለ።

«በቀኝ በኩል ነው የወደቁት» አለ መርማሪው።

«በየትስ ቢወድቁ ምን ለውጥ አለው?» አለ ወጣቱ ፖሊስ።

«መደገፊያው በግራ ነዋ። ዓይኑን የማያምን ሰው መደገፊያውን ትቶ የሚስማር ግድግዳ የሚይዘው ለምንድን ነው?»

ወጣቱ ደረጃውን ደግሞ አየ። አቶ ለምን ጥያቄውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ።

ሴት ልጃቸው ላይኛው ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። አስተማሪ ናት፤ ሳታገባ ከአባቷ ጋር የኖረች፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳው የተጠጋ ሴት። ክፍሉ ለአንድ ሰው ዓይን ተብሎ የተሰናዳ መሆኑ ያስታውቃል። ከወንበሩ ጎን አንገቱ የሚታጠፍ ኃይለኛ መብራት አለ፤ ነጫጮቹ ስኒዎች ጥቁር ትሪ ላይ ተደርድረዋል፤ የግድግዳው ሰዓት ቁጥሮች መዳፍ ያክላሉ። መስተዋቱ አጠገብ በቀጫጭን መስመሮች የተከፋፈለ፣ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለበት አራት ማዕዘን ካርቶን ተሰቅሏል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የዓይን ሐኪሟ የሰጠችው ነው። ጠዋት ጠዋት አንዱን ዓይኑን በእጁ ይሸፍንና በሌላው መሐሉን ነጥብ ያያል። ከዚያ ይቀይራል። መስመሮቹ ከተጣመሙ ወይም ከተሰወሩ ቶሎ ኑ ተብለን ነበር።»

«ተጣመሙ?»

የቀሚሷን ጠርዝ በጣቶቿ ጠቀለለችው። «ተጣመሙ» አለች።

«ሄዳችሁ?»

«ሐኪሟ ከእንግዲህ ተስፋ የለውም ብላ ትታዋለች። አያይም ነበር እኮ፣ ጌታዬ።»

«ትናንት ምሽት ምን ሆነ?»

«ከትምህርት ቤት ስመለስ ደክሞት ነበር። ፊት ለፊት ቆመን ዓይን ዓይኔን አየኝ። ብዙ ነው ያየኝ። ከዚያ ልተኛ ብሎ ገባ፤ እኔም ገባሁ። ጠዋት የረዳቱን ጩኸት ነው የሰማሁት።»

«ልተኛ ያሉ ሰው ካፖርት ለብሰው?»

«ከተኛ በኋላ ተነሥቶ ይሆናላ። ምን ዐውቄ!»

መርማሪው አመስግኖ ወጣ። ደረጃው አናት ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። አባቷ እንዴት እንዳዩዋት ማንም አልጠየቃትም ነበር። ሰው ሳይጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከተጠየቀው ይልቅ ያስጨንቀዋል፤ ምን እንደሚያደርገው ስላላወቀ ይዞት ወረደ።

ወንድ ልጃቸው የጎማ ነጋዴ ነው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ባለው ለደንበኛ በተዘጋጀ በርጩማ ላይ፣ ፎቶ ሊነሣ እንደተቀመጠ ሰው ትከሻውን ቀጥ አድርጎ ጠበቀው።

«ያ ልጅ ነው የገደለው» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ፎቶ ቤቱን ለእሱ ሊያወርሱት ነበር። እኔ ቤቴ ልውሰድዎት ብዬ ለምኛለሁ። እምቢ አሉ። ዕውር ሰው ብቻውን ደረጃ ላይ!»

«መቼ ነው በመጨረሻ ያዩዋቸው?»

ሰውዬው ትከሻው ረገብ አለ። «ቆይቷል። ለምን እንደምርቅ ልንገርዎት? ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ከጎኔ ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ወደዚያ ነው የሚያዩት። ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሊያየኝ የተጠየፈኝን ምን ብዬ ልመላለስ?»

«ወደየት ነው የሚያዩት? ያሳዩኝ እስኪ።»

ነጋዴው ግራ እንደገባው በጣቱ የገዛ ጆሮውን ነካ። «ወደዚህ።»

ጣቢያ ውስጥ የታሰረው ረዳት ሲናገር ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ያርገበግባል፤ ስለዚህ ሰፈሩ «ፍላሽ» ይለዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ እኒያ ሽማግሌ ዘንድ ነው ያደገው፤ አሁን እሱም ጎልማሳ ሆኗል። መርማሪውን ሲያይ ከመነሣት ይልቅ ጥግ ላይ ኩርምት አለ።

«ለምን ጮኹብህ?» አለው መርማሪው፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ።

«እኔ ደንበኛ እያነሣሁ ስልክ ተደወለላቸው። ሲጨርሱ ፊታቸው ዐመድ መስሏል። "ውሸታሞች!" አሉ። "ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?" ስላቸው "አንተን ለይቼ አይደለም፤ ተስፋ የለህም ያላችሁኝን ሁሉ ነው" ብለው ወደ ላይ ወጡ። በቃ። ለመጨረሻ ጊዜ ድምፃቸውን የሰማሁት እንዲህ ሆኖ ነው።»

«ደረጃ ለመውረድ ይቸገሩ ነበር?»

«ጋሼ?» ፍላሽ ቀና አለ። «ማን ነው የሚቸገረው! ቢጫውን ለጥፌላቸዋለሁ፤ ግራ እጃቸውን መደገፊያው ላይ ጣል አድርገው እያፏጩ ነው የሚወርዱት። እኔ ልደግፍዎት ብዬ ከኋላ ስይዛቸው "ጋሪ አደረግኸኝ እንዴ!" ብለው ይቆጣሉ። ዕውር አልነበሩም እኮ። መሐሉ ነው የጠፋባቸው፤ ዳር ዳሩ አለ።»

«አልገባኝም።»

«የሰው ፊት ላይ ሲያተኩሩ ፊቱ የለም። በጉም የተሸፈነ ጉድጓድ ነው ይላሉ። ጆሮውን ካዩ ግን ፊቱ በጎን በኩል ብቅ ይላል። ስለዚህ ሊያዩት የፈለጉትን ሰው ጆሮውን ነው የሚያዩት። የሚገርመው ድሮ ደንበኛውን "ሌንሱን ተወው፣ የኔን ጆሮ እይ" ይሉት ነበር፤ ፊቱ እንዳይገተር ብለው። በኋላ በራሳቸው ሲደርስ "ደንበኞቼ ብድራቸውን መለሱ" እያሉ ይስቃሉ።»

መርማሪው የነጋዴውን ጣት አሰበ።

«አንድ ደላላ አለ» ቀጠለ ፍላሽ፤ ትዝታው ሲመጣ የት እንዳለ ረሳ። «ቤቱን ይሽጡ እያለ የሚያደርቃቸው። እሱ ሲመጣ ጋሼ ቀጥ ብለው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ሰውዬው የተከበረ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። እሳቸው ደግሞ "እሰይ፣ ፊቱን ከማየት ተገላገልኩ" ይላሉ። ማየት ያልፈለጉትን ሰው ፊት ለፊት ነው የሚያዩት!» ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠበትና ፊቱን ጉልበቱ ውስጥ ቀበረ። «እኔን ያወጡኛል፣ ጌታዬ? ቀብራቸው ላይ እንኳ ልቁም?»

መርማሪው ሊምል አልደፈረም። «እየጠየቅሁ ነው» አለው ብቻ፤ ለታሰረ ሰው ምንም የማይጠቅም መልስ መሆኑን እያወቀ።

የዓይን ሐኪሟ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። መርማሪው ሲገባ አንዲት ነርስ አንድ አዛውንት ይዛ ታልፋለች፤ ይዛለች እንበል እንጂ የያዙትስ እሳቸው ናቸው። ክርኗን ጨብጠው፣ ግማሽ እርምጃ ከኋላዋ ይከተላሉ።

«ለምን እሷ አትይዛቸውም?» አለ ለሐኪሟ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «የተያዘ ሰው ይጎተታል፤ የያዘ ሰው ግን ፈልጎ ይከተላል። ደረጃ ላይ መሪው አንድ እርከን ይቀድምና ክርኑ ሲወርድ ሰውዬው ደረጃ መኖሩን ያውቃል። አብሯቸው የሚመጣውን ቤተሰብ እናስተምራለን። የትኛው ጎን እንደሚሻል የሚመርጠው ታማሚው ነው። የሞቱት ፎቶ አንሺ ለምሳሌ በግራ እጃቸው ካልሆነ አይዙም ነበር። ቀኜ የካሜራ ጣት ነው፣ ለማንም አልሰጥም ይሉኛል።»

«ትናንት የደወሉላቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።» ፈገግታዋ ጠፋ። «በሽታው ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ከዓይን በስተኋላ፣ የምናነብበትና ፊት የምንለይበት መሐሉ ቦታ ይጎዳል። ደረቁ ዓይነት ቀስ ይላል፤ ብርሃን በማጠንከር፣ ቀለም በማጉላት፣ ትምባሆ በመተው ሰው ይኖርበታል። የሳቸው ግን እርጥቡ ዓይነት ነበር። የማይረቡ የደም ሥሮች ይበቅሉና ደምና ውኃ ያንጠባጥባሉ። እሱን የሚያቆምልን ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ መቋረጥ የለበትም። በየወሩ ይመጡ ነበር፤ ከዚያ ጠፉ። በልጃቸው ስልክ ብንደውል የሚያነሣ የለም። ትናንት የፎቶ ቤቱን ቁጥር አግኝቼ ደወልኩ። "ተስፋ የለህም ብለሽ የተውሽኝ አንቺ አይደለሽም?" አሉኝ።»

«ብለዋቸው ነበር?»

«ተስፋ ከሌለው ለምን እደውላለሁ?»

«ትናንት ቢመጡልዎትስ ኖሮ?»

«መስመሩ ከተጣመመ ብዙ ቆይቷል አሉኝ። መሐሉ ጠባሳ ሆኗል ማለት ነው። የቀረውን ዳር ለማቆየት እሞክር ነበር እንጂ የሄደውን አልመልስም። የኛ ሥራ ድል የለውም፤ ማዘግየት ብቻ ነው። የሚያቃጥለኝ ሊዘገይ ይችል የነበረው ነው።»

«ያ መሐሉ አንዳንዴ፣ ለቅጽበት እንኳ፣ ተመልሶ አያይም?»

«ጠባሳ አያይም፣ ጌታዬ።»

ቀብሩ በማግሥቱ ሆነ። ከቀብር መልስ መርማሪው ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን ፎቶ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠ። ፍላሽንም በፖሊስ አጃቢ አስመጣው፤ ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ እንዲቆም ተፈቅዶለት ስለነበር ጫማው አሁንም አፈር ነው። ነጋዴው ሲያየው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይቀመጡ» አለው መርማሪው። «ይልቅ አንድ ውለታ ልለምንዎት። ዓይኔን ልጨፍን ነው። ከላይ እስከ ታች ያውርዱኝ።»

«ቀልድ ነው?»

«ያውርዱኝ።»

ወደ ላይ ወጡ። ነጋዴው የመርማሪውን ቀኝ እጅ ጭብጥ አድርጎ ጎተተው፤ ሁለቱም ተንገዳግደው ሊደፉ ምንም አልቀራቸውም። ቀጥሎ ፍላሽ ተነሣ። ከኋላው ቆሞ ትከሻና ትከሻውን ያዘና እንደ ጋሪ እየገፋ አወረደው። «ይቅርታ» ይላል በየእርከኑ፤ «ጋሼም አይወዱትም ነበር፤ ሌላ አላውቅም።»

ሦስተኛዋ ሴት ልጃቸው ነበረች። መርማሪው ዓይኑን ጨፍኖ አናቱ ላይ ቆመ። አንድም ቃል አልተናገረችም። በግራው በኩል፣ ከመደገፊያው ጎን ሆና አንድ እርከን ቀድማ ወረደች፤ ከዚያ ክርኗ የመርማሪውን ግራ እጅ ጀርባ ቀስ ብሎ ነካው። ያዘው። ሲወርዱ እርምጃዋ እንደ ሰዓት የተስተካከለ ነበር፤ አንድም ጊዜ እግሩ አልሳተም። በሕይወቱ እንዲህ አምኖ ማንንም ተከትሎ አያውቅም። ታች ሲደርሱ ዓይኑን ገለጠ።

«አባትዎ ብቻቸውን ሲወርዱ በግራ በኩል መደገፊያውን ይዘው ነው» አለ። «የወደቁት ግን በቀኝ፣ ግድግዳውን እየቧጠጡ ነው። መደገፊያውን ለምን አልያዙም? በግራቸው ሰው ስለነበረ ነው። ግራ እጃቸው የዚያን ሰው ክርን ይዟል። ከዚህ ቤት ሰው መካከል ክርን መስጠት የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው።»

ነጋዴው እህቱን አየ፤ ከዚያ መርማሪውን። «ምን ማለትዎ ነው? ይሄ ልጅስ?»

«ይህን ልጅ መያዛችን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እሱ ቢሆን ከኋላ ነው የሚይዛቸው፤ ግራቸው ነፃ ስለሚሆን መደገፊያውን አይስቱትም። እርስዎ ቢሆኑ ቀኝ እጃቸውን ይጎትቱ ነበር። ያን የካሜራ ጣታቸውን ደግሞ ለማንም አይሰጡም።» ወደ ሴቲቱ ዞረ። «ቀን ላይ ሐኪሟ ደወለችላቸው። ተስፋ የለውም እንዳላለች፣ መርፌውም እንዳልተከለከለ ነገረቻቸው። ካፖርታቸውን ለብሰው እርስዎን ጠበቁ። ልተኛ አላሉም።»

«ውሰጂኝ አለኝ» አለች። ድምጿ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምር ሴት የጠራ ነበር። «ክሊኒኩ ተዘግቷል፣ አባዬ፣ አልኩት። በሩ ላይ ቁጭ ብለን እናድራለን አለኝ። ክርኔን ያዘ፤ ወረድን። መሐል ላይ ስንደርስ "ማን ነው ተስፋ የለውም ያለሽ?" አለኝ።»

«እውነት ነው እንዴ?» አለ ወንድሟ። «እውነት መርፌውን ከለከልሽው?»

«አንተ የት ነበርክ?» አለችው፤ ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። «በየወሩ ፈቃድ ስጠይቅ ርዕሰ መምህሩ ፊት አንገቴን ደፍቼ ነው። መርፌው ሲገባ እጄን ይዞ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ከእኔ ጋር ነው። አንድ ወር ታመምኩና ቀረን። ቀጠሮ በማሳለፌ አፈርኩ፤ ሐኪሟ ትቆጣኛለች ብዬ ፈራሁ። ለጊዜው ይበቃል ብላለች አልኩት። ደስ አለው! ልጅ ሆነ! እኔም እፎይ አልኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት መስመሮቹ ተጣመሙ አለኝ። ያኔ ልናገር? ዛሬ ነገ እያልኩ... ተስፋ የለውም ብላለች አልኩት። ከዚያ በኋላ የክሊኒኩን ስልክ አላነሣሁም።»

ፍላሽ ዓይኑን ማርገብገብ አቁሞ ነበር።

«እትዬ» አላት። «እኔን ሲወስዱኝ እላይ ሆነሽ እያየሽ ነበር።»

«እያየሁ ነበር።» ልትለምነው እጇን አነሣች፤ መልሳ አወረደችው። «ሲነጋ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ነጋ፤ አልቻልኩም።»

መርማሪው የቀረችውን አንዲት ነገር ባያነሣት ይሻለው ነበር፤ ግን ልማዱ አልለቀቀውም። «መጀመሪያ ስንነጋገር ዓይን ዓይኔን አየኝ አሉኝ። ውሸት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ሊያዩት የፈለጉትን ሰው ጆሮውን ነው የሚያዩት።»

ከጀርባው አንድ ነገር ወደቀ። ነጋዴው በርጩማው ላይ እንዳለ ባርኔጣው ከእጁ አምልጦታል። «ጆሮውን?» አለ። «ሊያዩት የፈለጉትን?»

«አዎ።»

ትልቁ ሰውዬ መዳፉን ጆሮው ላይ ለጥፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሊያጽናናው የቻለ አልነበረም፤ የሚመልሰው ዓመት የለም።

«አልዋሸሁም» አለች እህቱ። «ከነገርኩዎ ሁሉ እሷ ብቻ እውነት ናት። ደረጃው ላይ ዞሬ እውነቱን ነገርኩት። ከዚያ ፊቱን ቀና አድርጎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ፊት ለፊት። ጆሮዬን አይደለም። ያን ጊዜ ነው ክርኔን የነጠቅኩት። ልገፋው አይደለም። ፊቴን በሁለት እጄ ልሸፍን! የማያየኝን ሰው፣ ፊቴን ልሸሽገው! እጄን ሳነሣው እሱ የያዘው ባዶ ሆነ። ስደርስበት ትንፋሽ የለውም ነበር።»

ፍላሽ አንገቱን ደፍቶ ወለሉን አየ። ደላላው ትዝ ብሎታል፤ ትዝ እንዳይለው የፈለገ ይመስል ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እሷም አየችው። ከአባቷ ጋር ስትኖር የደላላውን ቀልድ ከሱ እኩል ሰምታለች፤ አብራም ስቃለች።

ወጣቱ ፖሊስ ወደ በሩ ተጠጋ። የፍላሽን አጃቢ መርማሪው በእጁ ምልክት አሰናበተው። የቀረው ወረቀት መጻፍ ነው፤ ዳኛ ምን እንደሚል ዳኛ ያውቃል። ለሞቱት የሚጨመር፣ ካለችው የሚቀነስ ነገር ግን እሱ እጅ ላይ አልነበረም።

ሴትየዋ ተነሣችና መርማሪው ፊት ቆመች።

«እርስዎ ሳይጠይቁ የሚያልፉት ነገር የለም ይላሉ» አለችው። «ሐኪሟን ጠይቀዋት ይሆን? ያ መሐሉ... አንዳንዴ፣ ለቅጽበት እንኳ፣ ተመልሶ ያያል ወይ? ምናልባት ያን ሰዓት ትንሽ ብርሃን ገብቶለት... ሊያየኝ ፈልጎ ከሆነስ?»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ መርማሪውን ጠበቁ። ከግድግዳው ላይ የሽማግሌው ደንበኞች፣ ሙሽሮቹም ሕፃናቱም፣ ሌንሱን ትተው ወደ አንድ ጆሮ ይመለከታሉ።

«አልጠየቅኋትም» አለ አቶ ለምን።

«ይጠይቁልኛል?»

«እጠይቅልዎታለሁ» አላትና ካፖርቷን አቀበላት።